መጀመሪያ ምጣዱ፣ ከዚያ ፓናሉ

ቤቱን ከመብራት ሒሳብና ከመብራት መጥፋት ለማላቀቅ የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት የፀሐይ ፓናል ልግዛ?» የሚል ነው። መልሱ ያለው ግን ኩሽና ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራውን ራሱ የሚጋግር ቤት ኤሌክትሪኩ የሚያልቀው በሙቀት ነው፤ በምጣድ፣ በቦይለር፣ በምድጃ፣ በካውያ። አምፖልና ቴሌቪዥን ከነዚህ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው። ሙቀቱን ሳያስተካክሉ ትልቅ ባትሪ መግዛት የሚያፈስ ሮቶ ለመሙላት ትልቅ ፓምፕ እንደ መግዛት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ሙቀቱ ይቀነሳል፣ ለፀሐይ የሚሰጠው የቀረው ብቻ ነው።

ቆጣሪውን ማንበብ

ለመለካት ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ዲጂታል ቆጣሪ፣ ካርድ የሚሞላውም በየወሩ የሚነበበውም፣ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ 1600 ወይም 3200 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ሌላ ቁጥርም ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት (በተለምዶ «አንድ ኪሎዋት» የምንለው) እስኪያልቅ ድረስ መብራቷ 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ መለካት የፈለጋችሁትን ብቻ አብሩ፤ በስልክ አንድ ደቂቃ ያዙና ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን በ60 አባዙት፣ ለቆጣሪው ቁጥር አካፍሉት። በደቂቃ 10 ጊዜ ብልጭ ካለች 600 ሲካፈል ለ1600፣ 0.375 ይመጣል፤ ዕቃው 375 ዋት ይስባል ማለት ነው። ምጣድ ሲበራ በደቂቃ 100 ገደማ ስለሚደርስ በዓይን አይያዝም፤ በስልክ ቪዲዮ ቀርጻችሁ አዝግማችሁ ቁጠሩት።

ሁሉም ነገር ጠፍቶ መብራቷ በደቂቃ አንዴ እንኳ ብልጭ ካለች፣ 1600 በሚለው ቆጣሪ 37 ዋት የሚሆን ነገር የሆነ ቦታ እየበላ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ቀንና ሌሊት ሲደመር ግን በወር 27 ኪሎዋት ነው። ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፤ በሪሞት ብቻ የጠፋ ዲኮደር፣ ወደ ሰርቪስ ክፍል የተዘረጋ የተረሳ መስመር፣ ልባሱ ተልጦ እርጥብ ግድግዳ የነካ ሽቦ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ዝቅ እያደረጋችሁ መብራቷ በየትኛው እንደምትቆም እዩ። ፍሪጅ እየተነሳና እየቆመ ስለሚሠራ የደቂቃ ቆጠራ አይገልጸውም፤ ማታ ከመተኛት በፊትና ጠዋት ሌላ ነገር ሳይበራ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግባችሁ ልዩነቱን ውሰዱ።

ታሪፉ በእርከን የተከፈለ ነው፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይገኛል። ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት የበለጠ ስለሚከፍል፣ በቁጠባ የሚወርደው ከውዱ እርከን በኩል ነው። በአንድ ቆጣሪ አከራይና ተከራይ ሆነው የሚጠቀሙ ደግሞ ሳያውቁት አንዱ ሌላውን ወደ ላይኛው እርከን ይገፉታል፤ ለየብቻ ቆጣሪ ማስገባት ከተቻለ ከማንኛውም አምፖል ቅየራ ይበልጣል።

ምጣድ

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 58 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.8 ኪሎዋት እንበልና ሒሳቡን እንየው። በ220 ቮልት 17 አምፔር ይሆናል። ለማጋያ 15 ደቂቃ ቢፈጅ አንድም ሊጥ ሳይፈስበት 0.95 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል። ከዚያ ማሰሱ፣ ማፍሰሱ፣ መክደኑና ማውጣቱ ተደምሮ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ብንይዝ 0.19 ኪሎዋት ነው። 10 እንጀራ 2.85 ኪሎዋት ይፈጃል፤ 30 እንጀራ ደግሞ 6.65። እነዚያኑ 30 በሦስት የተለያየ ቀን መጋገር 8.55 ይደርሳል። ልዩነቱ ሁለት ጊዜ በከንቱ የተጋለ ሸክላ ነው። እርግጥ እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ ውጭ ካደረ ይሻግታል፤ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ያለው ቤት ግን በፌስታል ጠቅልሎ በሳምንት አንዴ መጋገር ይችላል።

ሸክላው ከባድ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሊጥ ሲቀራችሁ ማጥፊያውን ዝቅ አድርጉት፤ በቀረው ሙቀት ይበስላሉ። ከዚያ በኋላም ምጣዱ ባዶውን አይቀዝቅዝ። ተልባ ወይም ሱፍ ማመስ፣ በርበሬ ማድረቅ፣ ቂጣ መጣል ይቻላል። ሲጋልም አክንባሎው ይከደንበት። ክፍት ሆኖ የሚጋል ምጣድ የኩሽናውን አየር ነው የሚያሞቀው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ቮልቴጅ ነው። የምጣድ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ይወርዳል። በ220 ቮልት 3.8 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ በ190 ቮልት 2.8 ብቻ ነው፤ በ170 ቮልት ወደ 2.3 ይወድቃል። «ያው በቀስታ ይስባል እንጂ ምን ይጎዳል?» የሚል አለ። የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ ምጣዱ በጎንና በሥር ሙቀት ማፍሰሱን አያቆምም፣ ስለዚህ የማጋያው ጊዜ በተራዘመ ቁጥር የሚባክነው ይጨምራል። እንጀራውም ዓይን አያወጣም፤ ይደርቃል፣ ከሥሩ ይይዛል፣ የተበላሸው ሊጥ ደግሞ እንደገና ኃይል ነው። ፍሪጁ ላይ ያለው የቮልቴጅ መከላከያ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ከመጋገር በፊት እሱን ተመልከቱ። 210 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጋግሩ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ላይ ነው፤ የበዓል ዋዜማ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ነው። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ የሚሆነውን ከሁለት ቀን በፊት መጨረስ ለእናንተም ለሰፈሩ ትራንስፎርመርም ይበጃል።

አሁን ወደ ምጣዱ ሥር። ቀዝቅዞ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ገልብጡትና የታችኛውን ላሜራ ፍቱ። የሙቀት ሽቦው በሸክላው ጀርባ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ተጠምጥሞ በጀሶ ወይም በመሰል ነገር ተሸፍኗል። ከሱ በታች ብዙ ጊዜ ምንም የለም፣ ባዶ አየርና ቆርቆሮ ብቻ። እዚያ ቦታ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙቀት የሚችል ፋይበር (የዳቦ ምድጃ የሚሠሩና የሚጠግኑ የሚጠቀሙበት የብርጭቆ ወይም የድንጋይ ሱፍ) አንጥፉና ላሜራውን መልሳችሁ እሰሩ። ፎም፣ ስታይሮፎም፣ ሰጋቱራ ወይም ጨርቅ አይሆንም፤ ይቃጠላል። አመድ ደረቅ ከሆነ ይሠራል፣ እርጥበት ከሳበ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እኔ አልመክረውም። ፋይበሩን በጓንትና በአፍ መሸፈኛ ያዙት፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም አይወደውም።

አንድ ቦታ ፋይበር አይነካውም፤ የሙቀት ሽቦውና ከውጭ የሚመጣው ኬብል የሚገናኙበት ማያያዣ። ያ ቦታ አየር ካጣ ብሎኑ ይግላል፣ ይላላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ማያያዣው ፖርሲሊን ይሁን፣ ከሱ የሚወጣውም ሽቦ ሙቀት የሚችል ልባስ ይኑረው፤ ተራ የፕላስቲክ ልባስ በጥቂት ጋገራ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሥራው ከተሳካ በሁለት ነገር ታውቁታላችሁ። የማጋያው ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀንሳል፤ ከጋገራ በኋላም በፊት እጅ የማያስጠጋው የታችኛው ላሜራ ለብ ያለ ብቻ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ምጣዱን አብርቶ ረስቶ ቡና ማፍላት አይቻልም፤ አብዛኛው ምጣድ ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሌለው በፋይበር የታሸገ ሽቦ ባዶውን ከነደደ ይበጠሳል።

ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ የተለመደው ጥገና ራሱ ችግር ያመጣል። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ፣ የቀረውን ስቦ ማገናኘት። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ የሚስበው ይጨምራል። የ3.8 ኪሎዋት ምጣድ ቀዝቃዛ ሆኖ በቴስተር ሲለካ ከ12 እስከ 13 ኦም ማሳየት አለበት። ከሽቦው አንድ አሥረኛ ቢቆረጥ 11.5 ገደማ ይሆንና ወደ 4.2 ኪሎዋትና 19 አምፔር ይዘላል። ምጣዱ «በጣም ጎበዝ ሆነ» ይባላል፣ ከወር በኋላ ሌላ ቦታ ይበጠሳል፣ ሶኬቱም አብሮ ይቀልጣል። ከጥገና የመጣ ምጣድ ሳይለካ አይሰካ። 11.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሽቦው በሙሉ ይቀየር።

መስመሩም የምጣዱን ያህል ነው። 17 አምፔር ለአንድ ሰዓት ተኩል በተራ ሶኬትና በማከፋፈያ ማሳለፍ ሙቀቱን ግድግዳ ውስጥ መቅበር ነው። ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ ለምጣድ ብቻ የሚሆን 4 ስኩዌር (ሚሊ ሜትር ካሬ) ኬብል ይሳብ፣ 25 አምፔር ብሬከር ይደረግለት፣ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ከምጣዱ ቆርቆሮ ጋር በብሎን ይታሰር። ሸክላው ስንጥቅ ካለው ሊጥ ገብቶ ሽቦውን ይነካል፤ ምጣዱ «ይነዝራል» የሚባለው ያኔ ነው። 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚቆርጥ መከላከያ መስመሩ ላይ ካለ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ይዘጋል። የሚነዝር ምጣድ በደረቅ ጫማና በእንጨት በርጩማ አይታለፍም።

ምድጃውን ባጭሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና የበሬ ሥጋ ቶሎ የማይበስሉት ለዚህ ነው፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመር ውሃው ከዚያ አያልፍም፣ ትርፉ እንፋሎት ነው። ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ግን ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሽምብራውን አዳር ዘፍዝፋችሁ በፕሬዠር ብትቀቅሉ የሰዓታቱ ሥራ ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል። ኢንዳክሽን ምድጃ ከጥምዝ ሽቦው ስቶቭ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጀበና፣ የሸክላ ድስትና ተራ የአልሙኒየም ድስት አይሠሩበትም። ከመግዛታችሁ በፊት የድስታችሁን ቂጥ በማግኔት ሞክሩ፤ ካልያዘ አይሆንም። ቁሌት ጊዜ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ እሱን የሚያሳጥር ዘዴ አላውቅም። የሁለት ሳምንቱን በአንድ ጊዜ አቁላልቶ ከፋፍሎ ፍሪዘር ማስገባት ግን ይቻላል።

የውሃ ማሞቂያ

50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል፤ ይኼ ፊዚክስ ነው፣ የቦይለሩ ማርክ አይቀይረውም። የሚቀየረው ከሞቀ በኋላ የሚባክነው ነው። ቀኑን ሙሉ በርቶ የሚውል ቦይለር ማንም ሳይታጠብ በግድግዳው ብቻ ከአንድ ኪሎዋት በላይ በቀን ሊያፈስ ይችላል። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ አስገብታችሁ ከመታጠቢያው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ እንዲበራ አድርጉ፣ ቴርሞስታቱን 60 ላይ አቁሙት። 75 ላይ አሙቆ ቀዝቃዛ ውሃ መቀላቀል ጥቅም የለውም፣ ኖራውንም በማሞቂያው ብረት ላይ ቶሎ ይጋግራል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ ሰፈሮች ይኼ ኖራ በዓመት አንዴ መራገፍ አለበት፤ በዚያው ማግኒዥየም ዘንጉ ይታይ። እሱ ካለቀ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል።

ፈጣን ሻወር ብዙ ይወቀሳል። 5.5 ኪሎዋት ለ8 ደቂቃ ቢሠራ ግን 0.73 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ባለበት ቤት ከቦይለር ያነሰ ይፈጃል። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ 25 አምፔር በአንዴ ይስባል፣ ከምጣድ ጋር አብሮ አይበራም፣ በባትሪ ደግሞ አይታሰብም።

ቤተሰቡ ከአራት በላይ ከሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚገዛው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው፣ ከኤሌክትሪክ ፓናሉም በፊት። በመስታወት ቱቦ የሚሠራው ዓይነት በበጋ ሌላ ማሞቂያ አያስፈልገውም። እዚህ ከተማ የሚያበላሸው ነገር የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ታንከሩ ይጎድላል፣ ባዶዎቹ ቱቦዎች በቀትር ፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላሉ፤ ከሰዓት ውሃ መጥቶ ቀዝቃዛው በአንዴ ሲገባ መስታወቱ ይፈነዳል። መፍትሔው ሁለት ነው። ማሞቂያው የሚመገበው ከመንገዱ መስመር ሳይሆን ከሱ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ ይሁን፤ ሮቶው ራሱ ካለቀ ደግሞ መግቢያውን ዝጉትና ሌሊት ወይም ፀሐይ ሳይወጣ ሙሉት። ቱቦ ለብቻው ተገዝቶ ይቀየራል፣ ጎማውን በሳሙና ውሃ አርሶ እያዞሩ ማስገባት ነው።

ፍሪጁ ከኋላው 10 ሴንቲ ሜትር አየር ያግኝ፣ የበሩ ጎማ የብር ኖት አጣብቆ መያዝ አለበት፤ ኖቱ ሲሳብ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ይቀየር። አምፖሎቹን ሁሉም ሰው ወደ ኤልኢዲ ቀይሯል ብዬ አልፈዋለሁ።

የቀረው ለፀሐይ

ከላይ ያለው ካለቀ በኋላ ለፀሐይ የሚተወው መብራት፣ ዋይፋይ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ላፕቶፕ፣ ፍሪጅ ነው። በምሳሌ እናስላው። 9 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች ለ5 ሰዓት 270 ዋት ሰዓት ናቸው፤ ራውተር 10 ዋት ቀንና ሌሊት 240፤ ቴሌቪዥን 80 ዋት ለ4 ሰዓት 320፤ ስልክና ላፕቶፕ 200፤ ኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ያለው መካከለኛ ፍሪጅ 900። ድምሩ 1,930 ነው። ሰዎች እዚህ ያቆማሉ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ ግን ምንም ሳይሰካበት ይበላል፤ 40 ዋት ቢሆን በቀን 960 ዋት ሰዓት ነው፣ ከፍሪጁ ይበልጣል። ትልቅ ኢንቨርተር ደግሞ ሥራ ፈትቶም የበለጠ ይበላል። «ለወደፊት ይሁነኝ» ብሎ 5 ኪሎዋት መግዛት በየቀኑ ግብር መክፈል ነው። ለዚህ ጭነት 24 ቮልት የሆነ፣ 1.5 ኪሎዋት ንጹሕ ሳይን (እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ ይበቃል። ንጹሕ ሳይን ያልሆነው ርካሽ ዓይነት የፍሪጅ ሞተር ያጉረመርምበታል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

እንግዲህ በቀን 2,890 ዋት ሰዓት ነው። ፓናሉ የሚሰላው በኅዳር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌና ነሐሴ ነው። ለክረምት በቀን 3.5 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ያዙ፣ ከሱ ለኬብል፣ ለሙቀትና ለባትሪ ብክነት ሩብ ያህል ቀንሱ፤ 2.6 ይቀራል። 2,890 ሲካፈል ለ2.6፣ 1,100 ዋት ገደማ ይመጣል፤ 550 ዋት የሆኑ ሁለት ፓናሎች። ማታ ከጠቅላላው 60 በመቶ ገደማ ይሄዳል፣ 1.7 ኪሎዋት። 25.6 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ 2.56 ኪሎዋት ይይዛል፤ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል ይበቃል። በጄል (የእርሳስ ባትሪ ዓይነት ነው) ከሆነ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱም ጄል ከግማሽ በታች በየሌሊቱ ከወረደ ቶሎ ይሞታል። የመኪና ባትሪ ለማስነሻ የተሠራ ነው፣ በነፃ ቢሰጣችሁም ለዚህ አትጠቀሙበት።

ገበያ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይታመንም፣ ክብደትና ስፋት ግን አይዋሽም። እውነተኛ የ200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ከ55 ኪሎ ግራም ወዲያ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ከጣለው 200 አይደለም። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኘው የ550 ዋት ፓናል ደግሞ ርዝመቱ 2.28 ሜትር፣ ስፋቱ 1.13 ሜትር ገደማ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። 1.7 ሜትር የሆነ ፓናል ላይ 550 የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ወረቀቱን ነው የምትገዙት።

ፓናልና ኢንቨርተር ሲገናኙ የሚሳሳቱበት ቦታ ቮልቴጁ ነው። አንዱ ፓናል ያለ ጭነት 50 ቮልት ያህል ያወጣል፣ ሁለቱ በተከታታይ 100። ፓናል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል 105 ሊደርስ ይችላል። ከፍተኛው 100 ቮልት የሆነ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓናል ወደ ባትሪ የሚሄደውን የሚቆጣጠረው ዕቃ) በዚያች ሰዓት ይቃጠላል፤ ሻጩም «መብረቅ ነው» ይላል። 145 ወይም 150 የሚችል ይሁን። በተቃራኒው አንዳንድ አዳዲስ ኢንቨርተሮች የፓናል መግቢያቸው ከ120 እስከ 450 ቮልት ነው የሚሠራው። ለሁለት ፓናል አይነሱም፤ ጭነት ላይ ሁለቱ 83 ቮልት ብቻ ናቸውና ስክሪኑ ዜሮ እያሳየ ይውላል። ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው የሚመልሱ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት መመሪያው ላይ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ቁጥር አንብቡ።

ከፓናል ወደ ኮንትሮለር እስከ 20 ሜትር ርቀት 4 ስኩዌር ፀሐይ የሚችል የሶላር ኬብል ይበቃል። በመካከል የሚገባው ብሬከር የዲሲ (ፓናልና ባትሪ ለሚያወጡት ቀጥተኛ ጅረት የተሠራ) ይሁን፤ የተራው ቤት ብሬከር ሲቆረጥ የዲሲውን ብልጭታ ማጥፋት አይችልም፣ ውስጡ ይነዳል። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር ከ60 አምፔር በላይ ስለሚሄድ ኬብሉ 25 ስኩዌር፣ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ያልበለጠ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ100 አምፔር ፊውዝ። ብሎኖቹን ከወር በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ የላላ ብሎን የባትሪ ጫፍ ያቀልጣል። የፓናሉ ፍሬምና የኢንቨርተሩ ቆርቆሮ ኧርዝ ይደረጉ።

ፓናሉ ወደ ደቡብ ያዘንብል፣ ግን ጥቂት፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ። በአውሮፓ ቪዲዮ የሚታየው 30 እና 35 ዲግሪ ለኛ አይሠራም። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በጣም ያዘነበለ ፓናል ልክ በሚያስፈልግበት ክረምት ጀርባውን ይሰጣታል። ከ10 ዲግሪ በታችም አይሁን፤ ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ የሚወርደው ባዘነበለው ላይ ነው። እግሮቹ በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ሞራሌ ላይ ይታሰሩ፣ ብሎኑ ሥር ጎማ ይግባበት፣ በቆርቆሮውና በፓናሉ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አየር ይለፍ። የሮቶና የዲሽ ጥላን ተጠንቀቁ። አንዲት ጠባብ ጥላ የፓናሉን ሲሶ ኃይል ልታጠፋ ትችላለች። በበጋ አቧራውን ማለዳ ፓናሉ ሳይሞቅ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት፣ በቀትር ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋበትም።

ኢንቨርተሩ ላይ «ኤስ ቢ ዩ» የሚባለው ምርጫ መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ መጨረሻ መብራት ኃይልን ያስቀድማል፤ ሒሳብ የሚቀንሰው እሱ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ባትሪው ወደ መብራት ኃይል የሚመለስበትን ደረጃ ከፍ አድርጉት፣ 40 ወይም 50 በመቶ ላይ፤ አለዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሲጠፋ ባትሪውም ባዶ ይሆናል። ሌላው የመግቢያ ቮልቴጅ ምርጫ ነው። «ዩፒኤስ» ላይ ከሆነ መስመሩ ከ170 ቮልት ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ «ኤፒኤል» እስከ 90 ቮልት ድረስ ይታገሣል፣ ያንኑ ደካማ ቮልቴጅ ወደ ፍሪጁ ያሳልፋል። ፍሪጅ ካለበት «ዩፒኤስ» ይሻላል። ልብስ ማጠብ፣ ካውያና ፓምፕ እኩለ ቀን ላይ ይደረጉ። ባትሪው ሞልቶ ትርፉ የሚባክነው ያኔ ነው፤ ካውያው ግን በ1.5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ ለብቻው ይሰካ።

ምጣዱን በፀሐይ ማስኬድስ? ይቻላል፣ ግን ዋጋውን እዩት። 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪው ሲሞላ የሚይዘው 5.1 ኪሎዋት በአንድ የ20 እንጀራ ጋገራ ያልቃል። ስምንት ፓናል ያለው ሰው ከጥቅምት እስከ ግንቦት በቀትር፣ ባትሪውን ብዙ ሳይነካ፣ በቀጥታ ከፀሐይ ሊጋግር ይችላል። በክረምት አይሞክረው። ግቢ ላለው ቤት ርካሹ መጠባበቂያ «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶ የሚቀረጸው የማገዶ ምጣድ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ከኋላው በሚወጣው ሙቀትም ድስት ይጣዳል። ለኤሌክትሪኩ የተሠራው ሸክላ አይሆነውም፣ የማገዶ ምጣድ ለብቻው ይገዛ። ከሰል ግን ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ አይነድም፤ ጭሱ የማይታየው ጋዝ ነው የሚገድለው።

ጄኔሬተር ለሚጨምሩም አንድ ነገር። ሁለቱም ጫፉ ወንድ ስፒና በሆነ ገመድ የጄኔሬተሩን ኃይል በሶኬት ወደ ቤቱ መልሶ መስጠት መስመሩን ወደ ውጭ ሕያው ያደርገዋል፤ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል፣ መብራት ድንገት ሲመጣም ጄኔሬተሩን ያቃጥላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የማያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ ከቆጣሪው በኋላ፣ ከብሬከር ሳጥኑ በፊት ይግባ። ምጣዱና ፈጣን ሻወሩ ከመቀያየሪያው በፊት በራሳቸው ብሬከር ቢወጡ ጄኔሬተሩ ሲነሳ በስህተት አይጫኑበትም።